ሙዙን ማን አበሰለው? ፍራፍሬ ከተለቀመ በኋላ የሚሆነው

ልጣጩ ወርቅ የመሰለ ማንጎ ቢላ ሲገባበት ውስጡ ነጣ ያለ፣ ድርቅ ያለና ኮምጣጣ ሆኖ ይገኛል። የገዛው ሰው ያኔ «በኬሚካል ነው ያበሰሉት» ብሎ ይበሳጫል። በዚህች አንዲት አባባል ውስጥ ግን ሦስት የማይገናኙ ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው ትልልቅ የሙዝ ማብሰያ ክፍሎች የሚጠቀሙበት ጋዝ ነው፤ ይህንን ጋዝ ፍሬው ራሱም ያመነጨዋል። ሁለተኛው ካርባይድ የሚባል ድንጋይ መሰል ኬሚካል ነው፤ እሱ የተከለከለባቸው አገሮች አሉ፣ ለመከልከሉም በቂ ምክንያት አለው። ሦስተኛው ኬሚካል እንኳ አይደለም፤ ሳይደርስ የተለቀመ ፍሬ ነው። ያንን ማንጎ ያበላሸው ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነው፤ ሲወቀስ ግን አይሰማም።

ሦስቱን ለመለየት ከፍሬው ከራሱ መጀመር ይሻላል።

የተለቀመ ፍሬ በሕይወት አለ?

አለ። ከዛፉ የተለየ ፍሬ ለቀናት፣ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት ይተነፍሳል። ኦክስጅን ያስገባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ሙቀት ያወጣል። ከግንዱ ይመጣለት የነበረው ምግብና ውሃ ስለተቋረጠ የሚኖረው አስቀድሞ ያጠራቀመውን እየበላ ነው። ያ ሲመናመን ያረጃል፣ ይሟሽሻል፣ በመጨረሻም ሻጋታ ይረታዋል።

የሚተነፍስበት ፍጥነት በሙቀት ይወሰናል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ባለ ቁጥር አተነፋፈሱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። የሚያወጣው ሙቀት ደግሞ ራሱን መልሶ ያሞቀዋል። ለዚህ ነው አየር በማያስገባ መኪና ላይ ተቆልሎ የዋለ ሙዝ መሃሉ ከዳሩ ቀድሞ የሚበስለው።

«ደርሷል» እና «በስሏል» አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ የብዙው ግራ መጋባት ምንጭም ይኸው ነው። ፍሬ ደረሰ የሚባለው እድገቱን ሲጨርስ ነው፦ መጠኑ ሞልቷል፣ የሚያስፈልገው ምግብ ተጠራቅሟል፣ ከዛፉ ቢለይም ቀሪውን ጉዞ በራሱ መጨረስ ይችላል። በሰለ የሚባለው ደግሞ ለስላሳ፣ ጣፋጭና መዓዛ ያለው ሆኖ ለመብላት ሲዘጋጅ ነው። ከተክሉ የተቆረጠ አረንጓዴ ሙዝ ደርሷል፣ ግን አልበሰለም። አቮካዶ እንዲያውም ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ደርሶ ለወራት ተንጠልጥሎ ሊቆይ ይችላል፣ መለስለስ የሚጀምረው ሲቀጠፍ ነው።

መድረስ የሚከናወነው ዛፉ ላይ ብቻ ነው። መብሰል ግን ለብዙ የፍሬ ዓይነቶች መጋዘን ውስጥም ይሆናል። ከለቀማ በኋላ የሚደረገው ቁጥጥር ሁሉ የሚያርፈው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ ማንም ባለሙያ፣ በየትኛውም ጋዝ፣ ጮርቃ ሆኖ የተለቀመን ፍሬ ወደ ኋላ መልሶ እንዲደርስ ማድረግ አይችልም።

አቮካዶ ላይ ይህንን በሚዛን የሚለኩበት ዘዴ አለ። ከሥጋው ትንሽ ወስደው ይመዝኑታል፣ ውሃው እስኪያልቅ ያደርቁታል፣ እንደገና ይመዝኑታል። በካሊፎርኒያ «ሀስ» የሚባለው ዝርያ ለገበያ እንዲወጣ ከክብደቱ ቢያንስ 20.8 በመቶው ደረቅ ነገር ሆኖ መቅረት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ቅባቱ አልሞላም፤ ቢለሰልስም ውሃ ውሃ ይላል። ልጣጩን በማየት ይህንን ማወቅ አይቻልም።

ሲበስል ውስጡ ምን ይካሄዳል?

ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ። ሙዝን እንይ። አረንጓዴ ሳለ ከሥጋው ክብደት 20 በመቶ የሚያህለው ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ አይጣፍጥም። በቀናት ውስጥ ኢንዛይሞች ይህንን ስታርች ይሰባብሩትና ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ ሙሉ በሙሉ በበሰለ ሙዝ ውስጥ የሚቀረው ስታርች 1 ወይም 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሌሎች ኢንዛይሞች ህዋሶቹን አጣብቆ የያዘውን ፔክቲን ያላላሉ፣ ፍሬው ይለሰልሳል። ምላስን የሚያኮማትረው ታኒን ኃይሉን ያጣል። በመዓዛ የምናውቃቸው ተናኝ ውህዶችም የሚፈጠሩት በዚሁ ጊዜ ነው።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልጨምር። የሙዝ ልጣጭ ቢጫውን አዲስ አያመጣውም። ቢጫው ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረ፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል ሸፍኖት ነው። ክሎሮፊሉ ሲፈርስ ቢጫው ይገለጣል። እንግዲህ የልጣጩ ቀለምና የውስጡ ጣፋጭነት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ማለት ነው፤ አንዱ ሲካሄድ ሌላው ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። የዚያ ማንጎ እንቆቅልሽ ከፊሉ እዚህ ጋ ይፈታል።

ትእዛዙን የሚሰጠውስ?

ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ነው። ሁለት የካርቦንና አራት የሃይድሮጅን አቶሞች ብቻ ያሉት፣ በጣም ቀላል ከሆኑት ውህዶች አንዱ። ተክሎች ራሳቸው ይሠሩታል፣ እንደ ሆርሞንም ይጠቀሙበታል።

የተገኘበት ታሪክ ረጅምና በአጋጣሚ የተሞላ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁ ከተጠቀሙበት በጣም ቆይተዋል። ከዛሬ 2300 ዓመት ገደማ በፊት ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ የግብጽ ገበሬዎች የሾላን ፍሬ በብረት እንደሚጭሩትና የተጫረው በአራተኛው ቀን እንደሚበስል ጽፏል። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል፤ የቆሰለ ፍሬ ኤቲሊን ያመነጫል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ከተሞች መንገዶቻቸውን በጋዝ ፋኖስ ያበሩ ነበር። ቱቦው በሚያፈስበት ቦታ ዛፎች ያለ ጊዜያቸው ቅጠላቸውን ያራግፉ ጀመር። በሴንት ፒተርስበርግ ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ወጣት ተመራማሪ በቤተ ሙከራው ውስጥ ያበቀለው አተር ወደ ላይ በማደግ ፈንታ ወደ ጎን ሲተኛ አየ፤ ንጹሕ አየር ሲያገኝ ግን ቀጥ ይላል። ጥፋተኛው ከመብራቱ ጋዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን መሆኑን በ1901 አሳተመ። በ1910 ከጃማይካ የወጣ ዘገባ ደግሞ ብርቱካንና ሙዝ በአንድ መርከብ ክፍል እንዳይጫኑ አስጠነቀቀ፤ ከብርቱካኑ የሚወጣ አንድ ነገር ሙዙን ያለ ጊዜው ያበስለው ነበርና። ጤነኛ ብርቱካን የሚያመነጨው ኤቲሊን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሙዙን ያበሰለው በብርቱካኑ ላይ የነበረው አረንጓዴ ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም፤ ሻጋታው ጋዙን በብዛት ይሠራል።

በጣም የሚያስገርመኝ ግን የሎሚዎቹ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ነጋዴዎች አረንጓዴ ሎሚን በላምባ ምድጃ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ቢጫ ያደርጉት ነበር። ሁሉም ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱ ይመስላቸው ነበር። ጭስ የሌለው ማሞቂያ ሲገባ ሎሚው እምቢ አለ። ፍራንክ ዴኒ በ1924 ምክንያቱን አወጣ፦ ሎሚውን ቢጫ ያደረገው በጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ፍሬ ራሱ ይህንን ጋዝ ይሠራል ወይ የሚለው ነበር። በ1934 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን በመብሰል ላይ ካለ ፖም የሚወጣውን አየር ሰብስቦ መረመረና አዎ፣ ኤቲሊን ነው ሲል አረጋገጠ።

ጋዙ ይህን ሁሉ እንዴት ያዝዛል? በፍሬው ህዋሶች ውስጥ ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉ። በር ላይ እንደ ቆሙ ዘበኞች እንያቸው። ሥራቸው «መብሰል ገና ነው» እያሉ በሩን ዘግተው መጠበቅ ነው። ኤቲሊን ሲመጣ በፕሮቲኑ ውስጥ ካለች የመዳብ ቅንጣት ላይ ያርፍና ዘበኛውን ከሥራ ያሰናብተዋል፤ በሩ ይከፈታል፣ ከላይ የዘረዘርነው ሥራ ሁሉ ይጀመራል። ኤቲሊን ፍሬውን ከኋላ የሚገፋ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እውነቱ ግን ፍሬው ለመብሰል ዝግጁ ሆኖ ተከልክሎ ቆይቷል፤ ጋዙ የሚያነሳው ክልከላውን ነው።

እንደ ሙዝና ፖም ባሉት ፍሬዎች ላይ ደግሞ የደረሰው ኤቲሊን ሌላ ኤቲሊን ያስመርታል። ትንሹ ብዙውን ይጠራል፣ የፍሬው አተነፋፈስ በአንድ ጊዜ ያሻቅባል፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። አንድ የበሰለ ፍሬ ሳጥኑን በሙሉ የሚያበስለው በዚህ ነው።

ሁሉም ፍሬ ይታዘዛል?

የለም፤ ፍራፍሬዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ከተለቀሙ በኋላ መብሰል የሚችሉት ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ቲማቲም፣ ፖም፣ ፒር፣ ኮክና ኪዊ ናቸው። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ወይን፣ እንጆሪ፣ አናናስ፣ ሮማንና ሐብሐብ ግን ከተቀጠፉ በኋላ ጣፋጭነታቸው አይጨምርም። ወደ ስኳር የሚለወጥ የስታርች ክምችት የላቸውም። ኮምጣጣ ሆኖ የተለቀመ ወይን ኮምጣጣ ሆኖ ይቀራል፤ አናናስ ጠረጴዛ ላይ ሲከርም ቢጫ ሊሆን ይችላል፣ አይጣፍጥም።

ብርቱካን ላይ የተለየ ነገር አለ። ልጣጩ ወደ ብርቱካናማ የሚለወጠው ቀዝቃዛ ሌሊት ሲያገኝ ነው፤ በሞቃት አገሮች ውስጡ በስሎ ላዩ አረንጓዴ እንደሆነ ሊቀር ይችላል። ነጋዴዎች ታዲያ በሚሊዮን ከ1 እስከ 10 እጅ በሆነ በጣም ቀጭን የኤቲሊን መጠን ለጥቂት ቀናት ያቆዩትና ክሎሮፊሉን ያፈርሱታል። ውስጡ አይነካም። ይህ ማብሰል አይባልም፤ ገዢው በዓይኑ ስለሚመርጥ የሚደረግ የልጣጭ ሥራ ነው። አረንጓዴ ብርቱካንን ጥሬ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን ይጎዳል።

እንዳይበስል የሚያዙትስ በምንድን ነው?

የመጀመሪያውና ዋናው መሣሪያ ቅዝቃዜ ነው። ፖም ከዜሮ እስከ 4 ዲግሪ ድረስ ቢቀዘቅዝ ይስማማዋል። ሙዝ ግን የሞቃት ምድር ልጅ ነው፤ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይጎዳል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ሲሞቅ ነው የሚወጣው፦ ልጣጩ ብሩህ ቢጫ በመሆን ፈንታ አመድማ፣ የደበዘዘ ይሆናል፣ ሥጋውም በደንብ አይበስልም። ስለዚህ ሙዝ የጫኑ መርከቦች ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ባለች ጠባብ ክልል ውስጥ ሳምንታት ይጓዛሉ። አንድ ዲግሪ ቢወርድ ሙዙ በብርድ ይጎዳል፤ ብዙ ቢወጣ ባሕር ላይ ይበስላል።

ሁለተኛው መሣሪያ አየሩን መመጠን ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን አለው። ፖም በሚከማችበት፣ አየር በማያሳልፍ መጋዘን ውስጥ ይህ ወደ 1 እስከ 3 በመቶ ይወርዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ይላል። ፍሬው አተነፋፈሱን ያቀዘቅዛል። ሌላም ጥቅም አለው። በ1979 ሻንግ ፋ ያንግና ባልደረባው ተክል ኤቲሊንን የሚሠራበትን መንገድ ሲያወጡ፣ የመጨረሻው ደረጃ ያለ ኦክስጅን እንደማይሄድ ታወቀ። ኦክስጅኑን ያሳነሰ ሰው እንግዲህ ትእዛዙን ከምንጩ አደረቀው ማለት ነው። አንዳንድ የፖም ዝርያዎች በዚህ ዘዴ 10 ወርና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ኦክስጅኑ ከመጠን በላይ ካነሰ ግን ፍሬው መፍላት ይጀምራል፤ አልኮል አልኮል ይሸታል። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ሰው ያለ ኦክስጅን መሣሪያ ከገባ በደቂቃዎች ሊሞት ስለሚችል በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል።

ሦስተኛው ኤቲሊኑን ከአየሩ ማስወገድ ነው። አየር ማናፈስ አንዱ መንገድ ነው። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የያዙ ትንንሽ ከረጢቶችን ሳጥን ውስጥ መጨመር ሌላው ነው፤ ኤቲሊኑን ያቃጥለዋል፣ ሲሠራም ከወይን ጠጅ ቀለም ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ቡናማ ሲሆን ሥራውን ጨርሷል።

አራተኛው ከሁሉም ረቂቁ ነው። የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤድዋርድ ሲስለርና ሲልቪያ ብላንከንሺፕ ዋን-ኤምሲፒ የሚባል ጋዝ ለዚህ ሥራ እንደሚውል አግኝተው በ1996 የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። ጋዙ የሚሠራው ዘበኞቹ ላይ ነው። ኤቲሊን የሚያርፍባትን ያችን የመዳብ ቦታ ይዞ አይለቅም፤ ዘበኛው ግን ሥራውን አያቆምም። ውጭ ኤቲሊን ቢከማችም መልእክቱ አይደርሰውም፣ በሩን ዘግቶ ይጠብቃል። ፍሬው ከጊዜ በኋላ አዳዲስ ዘበኞችን ይሠራል፣ እነሱ ኤቲሊንን ስለሚሰሙ መብሰሉ ይቀጥላል። የሚያስፈልገው መጠን ከአየሩ በሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ነው። ለፖም በጣም ተስማምቷል። ለሙዝ አስቸጋሪ ነው፤ ጊዜው በትክክል ካልተመረጠ አንዱ በስሎ ሌላው አረንጓዴ ይቀራል። ፒር ላይ ከበዛም ፍሬው ጭራሽ አልለሰልስም ሊል ይችላል።

ማብሰያ ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

አረንጓዴ ሙዝ ወደብ ደርሶ፣ ከዚያ በመኪና ማብሰያ ክፍል ገብቷል እንበል። ሠራተኛው መጀመሪያ የሚያየው የክፍሉን ሙቀት አይደለም። ቀጭን መርፌ ያለው ቴርሞሜትር ወስዶ በልጣጩ አሳልፎ ሥጋው ውስጥ ይተክለዋል። ክፍሉ 16 ዲግሪ ቢልም የሙዙ ውስጥ ገና 14 ሊሆን ይችላል፤ ፍሬው የሚታዘዘው በራሱ ሙቀት ነው። የሥጋው ሙቀት ወደ 15 ወይም ከዚያ ከፍ ወዳለ ሲደርስ፣ እርጥበቱም ከ90 እስከ 95 በመቶ መሆኑ ሲረጋገጥ ኤቲሊኑ ይለቀቃል።

መጠኑ በሚሊዮን ከ100 እስከ 150 እጅ ነው። ቁጥሩ እንዲጨበጥ፦ 50 ሜትር ኩብ ለሆነ ክፍል በሚሊዮን 100 እጅ ማለት 5 ሊትር ጋዝ ማለት ነው። ከዚህ በላይ መጨመር ብዙም አያፋጥነውም፤ ዘበኞቹ ሁሉ ከተሰናበቱ ሌላ የሚሰናበት የለም። መጨመር ግን አደጋ አለው። ኤቲሊን በአየር ውስጥ 2.7 በመቶ ሲደርስ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። በሚሊዮን 100 እጅ ከዚያ 270 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ በተለመደው መጠን ስጋት የለም፤ አደጋው ያለው ሲሊንደሩን በግምት በሚከፍት ሰው እጅ ነው።

ክፍሉ ተዘግቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ጋዙ አያስፈልግም፤ ሙዙ የራሱን ማምረት ጀምሯል። አሁን ሌላ ችግር ይመጣል። የተነሳሳው ፍሬ በኃይል ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይከማቻል፣ ከ1 በመቶ ሲያልፍ መብሰሉን ራሱን ያጓትታል። በሮቹ ይከፈታሉ፣ አየሩ ይለወጣል። ከፍሬው የሚወጣውም ሙቀት ቀላል አይደለም፤ ማሞቂያ የነበረው ክፍል አሁን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ዘመናዊ ክፍሎች አየሩን በሳጥኖቹ ቀዳዳዎች በኩል በኃይል የሚስቡት ለዚህ ነው፤ ካልሆነ የመሃሉ ሳጥን ለብቻው ይሞቅና ቀድሞ ይበስላል።

ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሄድ ካቨንዲሽ በሚባለው፣ በዓለም ገበያ በብዛት በሚሸጠው የሙዝ ዝርያ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይታያል፦ ሥጋው ይለሰልሳል፣ ልጣጩ ግን ሙሉ በሙሉ ቢጫ አይሆንም። በሞቃት ቦታ እንዲሁ የበሰለ ሙዝ አረንጓዴ ጣል ጣል ያለበት ሆኖ የሚጣፍጠው በዚህ ነው። ቢጫ የሆነ ሁሉ የበሰለ አይደለም እንደምንለው፣ አረንጓዴ የሆነ ሁሉም ጥሬ አይደለም።

የሙዝ ነጋዴዎች ቀለሙን ከ1 እስከ 7 በሆነ ደረጃ ይከፍሉታል። 1 ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው፣ 6 ሙሉ ቢጫ፣ 7 ቡናማ ነጠብጣብ የጣለ። ከክፍሉ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ላይ ሲደርስ ነው፤ የቀረውን መንገድ መደርደሪያ ላይ ይጨርሰዋል። ሙቀቱን በመቀነስና በመጨመር ይህን ጉዞ በ4 ቀን ወይም በ8 ቀን እንዲያልቅ ማድረግ ይቻላል። ጥሩ ሠራተኛ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ ሙዙ በተፈለገበት ቀን በተፈለገው ቀለም ይወጣል።

ካርባይድ ለምን ተከለከለ?

ካልሲየም ካርባይድ አመድማ ድንጋይ ነው። ውሃ ሲነካው፣ የአየር እርጥበትም ቢሆን፣ አሴቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ብረት በያጆች የሚጠቀሙበት ጋዝ ነው። አሴቲሊን ኤቲሊንን ስለሚመስል ዘበኞቹን ሊያታልል ይችላል። ግን ደካማ አታላይ ነው፤ ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት ከኤቲሊን እጅግ የበዛ መጠን ይፈልጋል። በርካሽ የሚገኝ በመሆኑና ክፍልም ሲሊንደርም ስለማይጠይቅ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ፍሬው መካከል መወሸቅ ብቻ ስለሚበቃ ተስፋፋ።

ችግሩ በዋነኛነት ከአሴቲሊኑ አይመጣም። ለፋብሪካ ሥራ የሚመረት ካርባይድ ንጹሕ ስላልሆነ የአርሰኒክና የፎስፈረስ ቅሪቶች አሉበት፤ እነዚህም ከጋዙ ጋር አርሲንና ፎስፊን የተባሉ መርዛማ ጋዞች ሆነው ይወጣሉ፣ ዱቄቱም ፍሬው ላይ ይቀራል። ከበላተኛው በፊት የሚጎዳው ደግሞ የሚያበስለው ሠራተኛ ነው፦ ዱቄቱ እጅና ዓይን ያቃጥላል፣ ጋዙ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ በተዘጋ ክፍልም እሳት ሊነሳ ይችላል። ሕንድ ፍራፍሬን በካርባይድ ማብሰልን በሕግ ከልክላለች፤ በ2016 ደግሞ በምትኩ ኤቲሊን ጋዝን በሚሊዮን እስከ 100 እጅ ፈቅዳለች። ክልከላውና ፈቃዱ አብረው መሄዳቸው አስተዋይነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነጋዴው ሌላ መንገድ ካልተሰጠው ድንጋዩን ይደብቃል እንጂ አይጥልም።

በመካከል ኤቴፎን የሚባል ፈሳሽ አለ። አሲድነቱ ሲቀንስ እየተበተነ ኤቲሊን ይለቃል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለጋዝ ምንጭነት ሲውልና ፍሬው በቀጥታ በፈሳሹ ሲነከር ነገሩ አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ቅሪት ይተዋል፣ ጥያቄ የሚያስነሳውም እሱ ነው።

በዓይን አይቶ መለየት ይቻላል? በአስተማማኝ ሁኔታ አይቻልም። «አንድ ዓይነት ቢጫ ከሆነ ካርባይድ ነው» የሚል ምክር በየቦታው ይዘዋወራል፤ ነገር ግን በኤቲሊን በሥርዓት የበሰለ ሙዝም አንድ ዓይነት ቢጫ ነው፣ የማብሰያ ክፍሉ ዓላማም ይኸው ነበር። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ያለበትን አለመግዛት፣ ማንኛውንም ፍሬ በሚወርድ ውሃ ማጠብና መላጥ የላዩን ቅሪት ይቀንሳል። ከዚያ ያለፈውን የሚያውቀው ቤተ ሙከራ ነው።

ጣዕሙስ ያው ነው?

እዚህ ላይ የተጠቃሚው ቅሬታ እውነት አለው። ሙዝ ብዙም አያጣም፤ ተክሉ ላይ የበሰለ ሙዝ ይሰነጠቃል፣ ይሟሽሻል፣ አረንጓዴ ሳለ መቁረጡ ለሁሉም ይሻላል። ቲማቲም ግን ያጣል። ለረጅም ጉዞ አረንጓዴ ሆኖ ሲለቀም ተክሉ ሊሰጠው የሚገባውን ስኳር ሳይጨርስ ይለያል፤ በዚያ ላይ ከ12 ዲግሪ በታች ሲቀመጥ መዓዛ የሚሠሩት ጂኖቹ ይዳከማሉ፣ ቢሞቅም መዓዛው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በዋን-ኤምሲፒ ወራት የቆየ ፖምም ጥርስ ላይ ይንኮታኮታል፣ ሽታው ግን የቀነሰ ነው። መዓዛውም የሚመጣው በኤቲሊን ትእዛዝ ነበርና።

እቤት ውስጥስ?

ጠንካራ አቮካዶ ወይም ማንጎ ከበሰለ ሙዝ ወይም ከፖም ጋር በወረቀት ከረጢት ቢቀመጥ ይፈጥናል። ወረቀት የሚመረጠው ጋዙን እየያዘ እርጥበቱን ስለሚያሳልፍ ነው፤ ላስቲክ ያላብሰዋል፣ ሻጋታ ያመጣል። ጥሬውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት መብሰሉን ሊያበላሽ ይችላል፤ ከበሰለ በኋላ ግን ማስገባት ጥቂት ቀን ይጨምራል። የሙዙ ልጣጭ ይጠቁራል፣ ሥጋው አይበላሽም። ቲማቲም ውጭ ቢቆይ ይሻለዋል።

አትክልት ከእነዚህ ይራቅ። ኪያር ኤቲሊን ሲነካው ቢጫ ይሆናል፣ ብሮኮሊም እንዲሁ፣ ሰላጣ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ከፖም ጋር የከረመ ካሮት ሲመርር ደግሞ ሻጩን ከመውቀስ በፊት መሳቢያውን ማየት ነው፤ ኤቲሊን በካሮቱ ውስጥ መራራ ውህድ እንዲሠራ ያደርጋል።